አትትፊ

ጥርሴን የነቀለችልኝ ሐኪም ብዙ ነገር ነግራኛለች። ጆሮዬ ላይ የቀረው ግን አንድ ቃል ነው፦ «አትትፊ»። ሌላውን በወረቀት ጽፋ ሰጥታኝ ስለነበር አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከባንክ ደረሰኞች ጋር ወሸቅሁት። ይህቺን ቃል ግን ሁለቴ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች ነው ያለችኝ። አፌ ጎዝ፣ ያን የደም ማቆሚያ ጨርቅ፣ ስለነከሰ ራሴን ነቅንቄ እሺ አልኳት። በዚያው ቀን ማታ ተፋሁ።

ነገሩ ካለፈ ወራት ተቆጥረዋል። ድዴም ገጥሟል። እኔ ግን ሳህን ሳጥብ፣ አልጋ ሳነጥፍ ያ ማታ ትዝ ይለኛል። ሁለት ልጅ ያሳደገች፣ በቢሮዋ የሰው ሒሳብ የምትቆጣጠር ሴት «አትንኪው» የተባለችውን ነገር ለምን ትነካለች? ይህን ጥያቄ ለራሴ መመለስ ስላቃተኝ ነው የምጽፈው።

ኅዳር 9፣ ሰኞ ነበር። የታችኛው ቀኝ መንጋጋዬ ሁለት ዓመት ሙሉ ያባበልኩት ጥርስ ነው። አንዴ አስሞልቼዋለሁ። ሙሌቱ ሲወድቅ ደግሞ በቅርንፉድ አታልዬዋለሁ። በመጨረሻ ራጅ ተነሣና «ይሄ አይተርፍም» ተባለ። አነቃቀሉን አልተርክም። የተነቀለ ያውቀዋል፤ ያልተነቀለ ባይሰማ ይሻለዋል። ማደንዘዣው ስለያዘኝ አላመመኝም። ድምፁ ግን አለ። የደረቀ ጉቶ ሲነቀነቅ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ፣ ያውም ከራስ ቅል ውስጥ።

ከዚያ ባጃጅ ያዝኩ። ሾፌሩ «የት ነው?» አለኝ። «ቀበሌ አሥራ አራት» ማለት ፈልጌ ነበር። ግማሽ ከንፈሬ የሰው ከንፈር ሆኖብኝ ምን እንዳልኩ እኔም አልሰማሁት። ልጁ በመስታወት አየኝ። «ጥርስ ነው? አይዞሽ» አለና ጉድጓዱን ሁሉ እየዞረ፣ እንደ እንቁላል ይዞ ቤቴ አደረሰኝ። በዚያ ቀን ለጥርሴ በትክክል የተጠነቀቀለት ሰው እሱ ብቻ ነው።

ለጥርስ ማን ይተኛል?

ባሕር ዳር ላይ ወባ የያዘው ሰው ክብር አለው። ጋቢ ተከናንቦ ሲንቀጠቀጥ ማንም «ተነሥ» አይለውም። አራስማ ንግሥት ናት። ወንድ ከሆነ እስከ 40 ቀን፣ ሴት ከሆነች እስከ 80 ቀን፣ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ ገንፎዋ ይቀርብላታል። ሐዘንተኛም ይቀመጣል፤ ሰው ይመጣለታል። ለጥርስ ግን ማን ይተኛል? ጥርስ በሽታ አይደለም፤ ጣጣ ነው። ጠዋት ታስነቅያለሽ፣ ከሰዓት ወጥ ትሠሪያለሽ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መደበቅ አልፈልግም። ማንም ሥሪ አላለኝም። ባለቤቴ «ተኚ» ብሎኛል። ለሚካኤል ብላ እኛ ዘንድ የመጣችው እናቴም «ልጄ፣ ጎንሽን አሳርፊ» ብላኛለች። እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ምክንያቱን አሁን ሳስበው ኩራት ይመስለኛል። «ጥርሷን ተነቅላ እንኳ ቤቷን አደራጀች» እንዲባልልኝ። ማን እንዲልልኝ እንደነበር እንጃ።

ስለዚህ ተመላለስኩ። ምስር ለቀምኩ። የተሰጣ ልብስ አነሣሁ። ደም ለማቆም የነከስኩትን ጎዝ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ማቆየት ነበረብኝ፤ ስልክ ሲደወል አውጥቼ አወራሁና መለስኩት። በረዶ ጉንጬ ላይ እንድይዝም ታዝዣለሁ። የእኛ ፍሪጅ በረዶ መሥራት ካቆመ ስለቆየ ልጄን ዓሣ ሻጮቹ ጋ ላክሁት። በፌስታል ይዞ መጣ። በነጠላዬ ጫፍ ጠቅልዬ ጉንጬ ላይ ሳደርገው ቀረሶ ቀረሶ ይሸታል። 15 ደቂቃ ያዥ፣ 15 ደቂቃ አሳርፊ ነበር የተባልኩት። በአምስተኛው ደቂቃ ጣልኩት። ድመታችን ግን ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ከፊቴ አልለይ አለች።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጎረቤቴ ለቡና ጠራችኝ። የዘጌ ቡና ነው። ሽታው በአጥር ዘልሎ መጥቷል። ለመጀመሪያው ቀን ትኩስ ነገር ክልክል መሆኑን አውቃለሁ፤ ሙቀት የደም ሥርን እያሰፋ የቆመውን ደም ይቀሰቅሰዋል። «አቀዝቅዤ ነው የምጠጣው» አልኩ። ስኒ ቡና መቼ ነው የሚቀዘቅዘው? አቦሉን ጠጣሁ። ቶናውንም አልተውኩ። ስለ ማደንዘዣውና ስለ ባጃጁ እያወራሁ ሰውን አሳቅሁ፤ ጉንጬን በእጄ ደግፌ እኔም ሳቅሁ። ጥርስ ባዳ ነው ይባላል፤ ለሐዘንም ለደስታም ይገለጣል ለማለት። የእኔዎቹ ያን ቀን ወንድማቸውን ሳይቀብሩ ነው የሳቁት።

ነጩ ገንዳ

ማታ ሁለት ሰዓት ላይ አፌ ብረት ብረት አለኝ። ደምና ቡና ሲደባለቅ ጣዕሙ ምንም አይመችም። ምላሴ ደግሞ አላርፍ አለ። እየሄደ ጉድጓዱን ይነካል። እዚያ የሆነ ለስላሳ፣ ጎበጥ ያለ ነገር አለ። የእኔ ያልሆነ ነገር መሰለኝ። እናቴ ከሳሎን ሆና «በጨው ውሃ ተጉመጥመጪ፤ ያጠራልሻል» አለችኝ። ጨው ተሳስታ አይደለም። ወረቀቱም ላይ ጨው አለ፤ አንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይላል። ከፊቱ ግን «ከ24 ሰዓት በኋላ» የሚል አለ። እኔ በ10 ሰዓቴ ነኝ። ወረቀቱ ደግሞ ከደረሰኞቹ ጋር ተኝቷል። የተኛው እሱ ብቻ ነበር።

ጨዉን በርከት አድርጌ በጠበጥኩ። መታጠቢያው ላይ ጎንበስ ብዬ ጉንጬን ነፋሁ፤ ውሃውን ወዲያ ወዲህ አንገላታሁት፤ ተፋሁ። ሮዝ ውሃ ወጣ። ደገምኩ። ልብስ እንደሚያጥብ ሰው ጠንከር አደረግሁት። በሦስተኛው አንድ ነገር ከቦታው ሲላቀቅ ታወቀኝ። አላመመኝም። ገንዳው ላይ ወደቀ።

የአውራ ጣቴን ጥፍር ያህላል። ጥቁር ቀይ ነው፣ የበግ ጉበት ቁራጭ የመሰለ። አንድ ጫፉ ላይ ቀጭን ክር የሚመስል ነገር ይጎተታል። ነጭ ገንዳ ላይ ሲታይ በጣም ያስጠላል። ቧንቧውን ከፈትኩ። አልሄድም አለ፤ ወንፊቱ ላይ ተለጠፈ። በጣቴ ገፋሁት። ሄደ። ገንዳውን በኦሞ ፈትጌ አጠብኩ። ከዚያ እፎይ አልኩ። «ቆሻሻው ወጣልኝ» ብዬ ለእናቴ ነገርኳት። «ተመስገን» አለች።

እዚህች እፎይታ ላይ ነው የምመላለሰው። ያ የተፋሁት ነገር ቆሻሻ አልነበረም። ቁስሉ የሚድነው በእሱ ነበር። ጥርስ ሲወጣ ጉድጓዱ በደም ይሞላል፤ ደሙ ይረጋል፤ የረጋው ደም ከሥሩ ያለውን አጥንትና ነርቭ እንደ ክዳን ይሸፍናል። አዲሱ ሥጋ የሚበቅለው በእሱ ውስጥ እየገባ ነው። በሳምንት ገደማ ለጋ ሥጋ ይይዛል፤ በሦስትና በአራት ሳምንት ድዱ ይገጥማል፤ አጥንቱ ወራት ይፈጃል። ይህን ሁሉ ሰውነቴ ጠዋት ጀምሮት ነበር። ከእኔ የሚፈልገው እንድተወው ብቻ ነው። እኔ ግን ያላጸዳሁት ነገር የሚሠራ አይመስለኝም። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል። የእኔው የሚለቀም እንኳ አልነበረም።

ሦስተኛው ሌሊት

ማክሰኞ ደህና ነበርኩ። ቢሮ ገባሁ። «ትናንት ተነቅለሽ ዛሬ?» ሲሉኝ ደረቴ ነፋ አለ። ያን ቀን የተናገርኩትን ጉራ እዚህ አልደግመውም።

ረቡዕ ሌሊት መጣ። ከጥርስ ሕመም ጋር አይገናኝም። የጥርስ ሕመም ይመታል፣ ይተዋል፣ ይመታል። ይሄኛው አይተውም። ከጉድጓዱ ተነሥቶ ወደ ጆሮዬ፣ ከጆሮዬ ወደ ሰረሰሬ ይሄዳል። ጠረኑ ለራሴም ታወቀኝ። ፓራሲታሞል ዋጥኩ፤ ምንም። ባለቤቴን ላለመቀስቀስ ሳሎን ሄጄ ተቀመጥኩ። በስልኬ መብራት፣ በመስታወት አፌን ከፍቼ አየሁት። ባዶ ነበር። ጥቁርም ቀይም የለም። ግርጌው ላይ ግራጫ ነጭ ነገር ይታያል። አጥንት መሆኑን ያወቅሁት በማግሥቱ ነው።

ማግሥቱ ኅዳር 12 ነው። ኅዳር ሲታጠን። በ1911 ዓ.ም. አገር ያረገፈውን የኅዳር በሽታ ለማሰብ በየደጁ ቆሻሻ ተሰብስቦ ይቃጠላል። ሰፈራችን ጭስ በጭስ ሆኗል። ልጆች ጥራጊ እየጎተቱ ያመጣሉ። ጉንጬን በነጠላ ሸፍኜ በጭሱ መሀል ሳልፍ፣ ሰው ሁሉ እንደ እኔ ቆሻሻ ማስወገድ ላይ መሆኑን አየሁ። የእነሱ እውነተኛ ቆሻሻ ነው እንጂ።

ሐኪሟ አፌን አንዴ አይታ ጥያቄ ጀመረች። «ሲጋራ ታጨሻለሽ?» አይ። «የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን ትወስጃለሽ?» አይ። «በስትሮ ጠጣሽ?» አይ። «ተፋሽ?» ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ መልስ ወሰደችው። አልተቆጣችኝም። ይሄ «ድራይ ሶኬት» የሚሉት ነገር፣ የረጋው ደም ወጥቶ ጉድጓዱ ባዶ መቅረቱ፣ በተራ ነቀላ ከ100 ሰው ከ1 እስከ 5 በሚሆኑት ላይ እንደሚደርስ፣ ታችኛው መንጋጋ ላይ እንደሚበዛ ነገረችኝ። ሳይተፉም የሚደርስባቸው አሉ አለችኝ። ልታጽናናኝ ነው። እኔ ግን በጣቴ የገፋሁትን አውቃለሁ።

ጉድጓዱን ለብ ባለ ፈሳሽ ቀስ ብላ አጠበችው። ከዚያ መድኃኒት የተነከረ ቀጭን ጨርቅ መሰል ነገር ሞላችበት። ሽታውን ወዲያው ለየሁት። ቅርንፉድ! ጥርሱ ሳለ ሁለት ዓመት ያታለልኩበት ቅርንፉድ፣ ጥርሱ ከሄደ በኋላ በሐኪም እጅ ተመልሶ መጣ። ብዙም ሳይቆይ ሕመሙ ከሰረሰሬ ወረደ፤ ከጆሮዬም ወረደ። እንባዬ መጣ።

«አሁን ምን ላድርግ?» አልኳት።

«ምንም።»

«ማለቴ በምን ልጠበው?»

«ጨርቁን እስክቀይርልሽ በምንም።»

«ታዲያ ዝም ብዬ?»

«ዝም ብለሽ» አለችኝና ጓንቷን አወለቀች።

ታንኳዋ ውሃ ጠጥታለች

ዓርብ ፈቃድ ወስጄ ተኛሁ። ራሴን በሁለት ትራስ ከፍ አድርጌ። ቀን ቀን ቤቴ ውስጥ ተኝቼ የማላውቅ መሆኔን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። አሥር ሰዓት ላይ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ቁምሳጥኑ ላይ የምታርፍበትን ቦታ አላውቀውም ነበር። እናቴ ለብ ያለ አጥሚት ታመጣለች፤ ቅዳሜ ደግሞ እርጎ። እሑድ 15 ስለሆነ የነቢያት ጾም ሊገባ ነው፤ «ሳይገባ ጠጪ፣ ሳይገባ ጠጪ» ትለኛለች። ልጆቹ አቮካዶ ጁስ ገዝተው መጡ። ስትሮውን ራሳቸው አውጥተው ጥለውታል፤ ታሪኬ ቤቱን ሁሉ አስተምሯል። ማውራትም ቀነስኩ። እናቴ ይህን አይታ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፤ ምነው ቀድሞም ጥርስሽን በነቀሉልሽ» ብላ ሳቀችብኝ።

ቅዳሜ ጨርቁ ተቀየረልኝ። ስመለስ ቤት ከመግባት ሐይቁ ዳር ወረድኩ። ቱሪስት የሚሄድበት አይደለም፤ ዓሣ የሚወርድበት ጭቃማው በኩል። አንድ ሰውዬ ግንድ ላይ ተቀምጦ መረብ ይጠግናል። አጠገቡ ታንኳው ዛፍ ተደግፋ ቀጥ ብላ ቆማለች። ደንገሉ ከታች ጠቁሯል። ከግርጌዋ ውሃ ጠብ፣ ጠብ ይላል። አሸዋው ላይ ትንሽ ጉድጓድ ሠርቷል። የላይኛው ጫፏ ግን ነጣ ብሎ መድረቅ ጀምሯል።

«ዛሬ አልወጣህም?» አልኩት።

«ውሃ ጠጥታለች። ዛሬ አትሠራም።»

«ስንት ቀን ትቆማለች?»

«እስክትደርቅ ነዋ።»

«ሳትደርቅ ብትወጣባትስ?»

«ትከብዳለች። ወዲያውም ትበሰብስብኛለች፤ ደንገል ናት እኮ» አለኝ። የማያውቅ ሰው ጠየቀው ብሎ ሳይገርመው አልቀረም። ከዚያ ቀና ብሎ ፊቴን አየ። «ምን ሆነሽ ነው እታለም፣ ጉንጭሽ?»

ጥርስ መሆኑን ነገርኩት። መረቡን አስቀምጦ አፉን ከፈተልኝ። በግራ በኩል ሁለት የሉም። «ገጠር እያለሁ ነው፤ በጉጠት። በማግሥቱ ሐይቁ ላይ ነበርኩ» አለ። ድምፁ ውስጥ የማክሰኞ የቢሮ ጉራዬን ሰማሁት።

ከዚህ ምሳሌ እንዳላወጣ ራሴን ተቆጣሁ። ጥርሱን የተነቀለ ሰው ያየው ነገር ሁሉ ጥርስ ይመስለዋል። ግን አንዱን መተው አልቻልኩም። ይህ ሰው ታንኳው ውሃ ስትጠጣ ያውቃል። ያቆማታል። ቀኑ ቢያልፍበትም አይቸኩላትም። ስለ ራሱ መንጋጋ ሲሆን ግን በማግሥቱ ሐይቅ ላይ ነው። እኔም በቤቴ ሊጡ ቦክቶ እስኪነሣ ሦስት ቀን እጠብቃለሁ፤ ክዳኑን እየከፈትኩ አልነካካውም። ሊጥ እንዲሠራ መተው እንዳለበት ማንም አላስተማረኝም፤ አውቀዋለሁ። ታዲያ ያን ማታ ይሄ እውቀቴ የት ሄደ?

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ፔሊካኖቹ እዚያው ይንሳፈፋሉ። እሱ ይጠግናል፣ ታንኳዋ ትንጠባጠባለች። እኔ ምላሴን ይዤ። እውነቴን ነው፣ ከባዱ ሥራ ምላስን መያዝ ነው። በየደቂቃው ወደዚያ ጉድጓድ ይነሣል። ስመልሰው ይነሣል።

ጣሪያው

እሑድ ከቅዳሴ መልስ የስምንት ዓመቱ ልጄ «እማ፣ ጥርስሽ የታለ?» አለኝ። ሐኪሟን ጠይቄ በጎዝ ጠቅልላ ሰጥታኝ ስለነበር ከቦርሳዬ ከደረሰኞቹ መሀል አወጣሁት። ወረቀቱም አብሮ ወጣ። «አትትፊ» የሚለው ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ልጄ መንጋጋውን በመዳፉ ይዞ ገለባበጠው። ሁለት ሥሮቹን፣ የተቦረቦረውን ጎኑን አየ። የእሱ የወተት ጥርስ ገና በመስከረም ወልቋል፤ ሕጉን ያውቃል። የወለቀ ጥርስ ጣሪያ ላይ ይወረወራል።

«የትልቅ ሰውም ይወረወራል?» አለኝ።

«እንጃ። ሞክረው።»

ግቢው መሀል ቆሞ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ወረወረው። ቆርቆሮው ላይ ኳ አለ። ከዚያ ኳ፣ ኳ፣ ኳ እያለ ተንከባሎ ወረደና አሸንዳው ውስጥ ገብቶ ቀረ። አሸንዳችን ከክረምት ጀምሮ ቅጠል ይዟል። ሳየው ይከነክነኛል። መሰላሉ ጓሮ ነው። ተነሣሁ። ጓሮ ደረስኩ። መሰላሉን በሁለት እጄ ያዝኩት። ጉንጬ ትር አለ።

ለቀቅሁት። ተመልሼ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ።

«እማ፣ አታወርጂውም?»

«ተወው።»

እናቴ በማር የሠራችልኝ አጥሚት እዚያው ለብ ብሎ ይጠብቀኛል። ብርጭቆውን አነሣሁና በግራ በኩል፣ ቀስ እያልኩ ጠጣሁት።